ከፎቶው በታች ያለው ቃል

«ስኪኒ የሚለውን ማን ጻፈው?» አለች ወደ ውጭ አገር የሚልከው የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ቢሮ ጸሐፊ፣ ቅጹን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ።

«እኔ ነኝ» አለች እናት። የልጇን ቅጽ ስትሞላ ከመዝገበ ቃላቷ ጋር ስትታገል ነው የዋለችው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰችበት ነው፤ ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር ተጣብቋል። «ቀጭን ማለት አይደል?»

«ነው። ግን ከሲታ፣ አጥንቷ የወጣ ዓይነት ቀጭን። አሠሪዎቹ በሽተኛ ናት ብለው ያልፏታል። ስሊም ነው የምንለው፤ ሸንቀጥ ያለች።» ሰረዘችው። «ይኼ ቻይልዲሽ የሚለው ደግሞ ምንድን ነው፣ እናቴ?»

«ገና ልጅ ናት ለማለት ነው። እንዲያዝኑላት ብዬ።»

ጸሐፊዋ ሳቀች። «ይኼማ ትልቅ ሆና የሕፃን ጠባይ ያላት፣ ነጭናጫ ማለት ነው! ያንግ ብንል ይበቃል። ደግሞ ሊያዝንላት ብሎ ሠራተኛ የሚፈልግ ሰው የለም።»

«እማዬ፣ በእንግሊዝኛሽ ሳልሄድ ልታስመልሺኝ ነው እኮ» አለች ልጅቷም እየሳቀች። ሰፈርተኛው «ቀብራራዋ» ይላታል። ውኃ ተሸክማ እንኳ አንገቷ ቀና እንዳለ ነው።

እናት አልሳቀችም። ዓይኗ ከጸሐፊዋ ራስ በላይ ከተለጠፈ ወረቀት ላይ ቀርቷል። በአንድ በኩል የእንግሊዝኛ ቃላት፣ ከጎናቸው ቁጥሮች። ፖላይት፣ ዘጠና። ኦቢዲየንት፣ ሃያ አንድ። መጨረሻ ላይ ያለው ሰብሚሲቭ ነው፤ ሰባት ይላል።

«ቁጥሩ ምንድን ነው?»

«ቀን ነው። በዚያ ቃል የቀረበች ልጅ በስንት ቀኗ እንደምትመረጥ። እኛው በልምድ ያወጣነው ነው።» ጸሐፊዋ ይህን እያለች መጻፏን አላቋረጠችም። በኮምፒውተሩ ላይ፣ ከልጅቷ ፎቶ በታች፣ የሰባት ቀኑ ቃል ተጽፎ አለቀ።

እናት መዝገበ ቃላቱን ከቦርሳዋ አወጣች። ገጹን እስክታገኘው ጣቶቿ ሁለቴ ሳቱ። አነበበች፤ ደግማ አነበበች። የጎረቤቷ ልጅ ትዝ አለቻት። ከሰው አገር ሥራ የተመለሰች ሰሞን ድስት ወድቆ ሲጮህ ሮጣ አልጋ ሥር ነበር የምትገባው።

«ቀይሪልኝ፣ ልጄ። ኦቢዲየንት፣ ታዛዥ በያት። ታዛዥ ናት፣ አልዋሽሽም።»

«ሁለቱም ያው ናቸው፣ እናቴ።»

«ያው አይደሉም። ስኪኒና ስሊም ያው አይደሉም ያልሽኝ አንቺው ነሽ። ታዛዥ ሥሪ ሲሏት ትሠራለች። ይቺኛዋ ግን ምንም ቢያደርጓት ዝም ትላለች።»

የጸሐፊዋ እጅ ቆመ። «አውቃለሁ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በሰባት ቀን የሚወስዷቸው ለዚያ ነው።»

«ጀመረች ደግሞ ሟርቷን» አለች ልጅቷ። ሳቋ ጠፍቷል። «ቃል አይደል እንዴ? ቃል ሰው አይመታም።»

«የሚያስፈራኝ ቃሉ አይደለም። ቃሉን ብሎ የሚመጣው ሰው ነው።»

«እማዬ፣ ሦስት ሳምንት ቁጭ ብዬ ስትጨነቂ ከማይ በሰባት ቀን ልሂድ። ተይው።» ወደ ጸሐፊዋ ዞረች። «ፈራሚዋ እኔ ነኝ። ይሁን።»

ቃሉ ቀረ።

ጸሐፊዋ ፎቶውን አጉልታ ተመለከተችው። ራሷን ነቀነቀች። «ይኼ ግን ከቃሉ ጋር አይሄድም። እንደ ዳኛ እኮ ነው የምታፈጥጪው! ነይ፣ ግድግዳው ጋ ቁሚ፤ ሌላ እናነሳለን።»

እናት ትንፋሿ መለስ አለ። ፎቶው ያድናታል። ይቺ ቀብራራ አንገት መድፋት የት ታውቅና! ከክፍል አስወጥተው ያንበረከኳት ጊዜ እንኳ ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ ነው የዋለችው። ፎቶው እንቢ ይላል፤ ቃሉም አብሮ ይቀየራል።

ልጅቷ ግድግዳው ጋ ቆመች። ገና ምንም ሳትባል ትከሻዋን ሰበሰበች። አገጯን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ሁለት እጆቿን ሆዷ ላይ አነባበረች፤ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። እንዲያ ሆና ስትታይ የሌላ ሰው ልጅ መሰለች።

«ውይ ጎበዝ!» አለች ጸሐፊዋ፣ ስልኳን ደግና። «ማን አስተማረሽ?»

ልጅቷ አንገቷን ሳታቀና፣ ከሽፋሽፍቷ ሥር ቀስ ብላ እናቷን አየቻት።

እናት ወንበሩ ጫፍ ላይ ናት። ትከሻዋ ተሰብስቧል፤ አገጯ ደረቷን ሊነካ ነው፤ እጆቿ ሆዷ ላይ ተነባብረዋል። ብልጭታው ሲበራ እጆቿን ከዚያ አነሳቻቸው፤ የት እንደምታኖራቸው ግን ጠፋት።