የ«ሽምጥ» ሌባ

ጫማ ሠሪው አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ሲጠላ ኖረ። ሰውየው ድሮ ሸሪኩ ነበር። አንድ ክፍል ሱቅ ተከራይተው፣ አንዱ ሲቆርጥ ሌላው ሲሰፋ፣ ከአንድ ሳህን ሲበሉ የኖሩ ናቸው። ጫማ ሠሪውን ሰፈሩ መዶሻ ይለዋል፤ አንዴ ከመታ አይመለስምና።

የጥሉ ምክንያት «ሽምጥ» የሚባለው ጫማ ነው። ነጭ ሸራ፣ ስስ ሶል፣ ጎኑ ላይ እንደ ፈረስ ጋማ ተጋድሞ ተረከዙ ድረስ የሚወርድ ሰማያዊ መስመር። መጀመሪያ ሯጮች አደረጉት፤ ቀጥሎ ተማሪዎች፤ ዛሬ ሽማግሌው ሳይቀር አድርጎት ይዞራል። ከመዶሻ በቀር። እሱ በደጁ «ሽምጥ» አድርጎ ያለፈ ሰው ሁሉ ደረቱን የረገጠው ይመስለዋል።

«የኔ ጫማ ነው» ይላል ለሰማው ሁሉ። «ሥዕሉ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ስንት ሰው አይቶታል። በሳምንቱ ጠፋ። በዓመቱ ያ ከሃዲ ፋብሪካ ከፈተ።»

ሥዕሉን ያሳየበትን ቀን ጎረቤቶቹ ያስታውሳሉ። ሚስቱ ሻይ ይዛ ገብታ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳትነቅል፣ «መስመሩ ትንሽ ወደ ተረከዙ ቢወርድ» ብላ ነበር።

«እሷ ስለ ጫማ የምታውቀው ማውለቁን ነው» አለ መዶሻ።

ሱቁ በሳቅ ሞላ። ሸሪኩ ብቻ ሥዕሉ ላይ እንዳቀረቀረ ቀረ። እሷም ፈገግ ብላ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወጣች።

ሚስቱ የተማረች ናት፤ አስተማሪ ነበረች። ሰው ፊት መናገር ግን ሞቷ ነው። መዶሻ ደግሞ እርሳስ ሲይዝ ምስማር የያዘ ይመስላል። ስለዚህ ክሱንም አቤቱታውንም የምትጽፈው እሷ ናት፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፏ። ጉዳዩ ግን ሁሌ በትንሽ ነገር ይወድቃል፤ አንዴ ቀን ተዘሎ፣ አንዴ ለማይመለከተው ክፍል ተጽፎ፣ አንዴ የይግባኙ ጊዜ ካለፈ በኋላ ገብቶ።

«ዳኞቹን በእጁ አድርጓቸዋል» ይላል መዶሻ።

«ይሆናል» ትላለች።

ሸሪኩ ፍርድ ቤት የተናገረው አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «አልሰረቅኩም።» ታዲያ ከየት አመጣኸው ሲባል ዝም አለ።

«ዝም አይነቅዝም ብሎ እኮ ነው» አለ መዶሻ። «ንጹሕ ሰው ቢሆን አፍ አልነበረውም?»

ፋብሪካው አርባኛ ዓመቱን ሲያከብር ለመዶሻም የጥሪ ወረቀት ደረሰው። ሌሎች የድሮ ጠበኞች በዚህ ዕድሜ ይታረቃሉ። እሱ ወንበሩን ወደ ሚስቱ አስጠጋ።

«በገዛ አዳራሹ፣ በልጅ ልጆቹ ፊት አዋርደዋለሁ። ጻፊልኝ። አንድ ቃል እንዳታለዝቢ።»

ሦስት ቀን ጻፈች። የሱ ዓይን በሞራ ስለተሸፈነ አነበበችለት። እያንዳንዱ መስመር እንደ ወስፌ ይወጋል።

«ይኼ ነው» አለ። «የምታነቢውም አንቺ ነሽ።»

«እኔ? ሰው ፊት?»

«ዕድሜሽን ሙሉ አፍረሻል። እስቲ አንድ ቀን ድፈሪ።»

«እሺ» አለች። «አንድ ቀን።»

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሸሪኩ ከዘራውን ተደግፎ የጫማውን ታሪክ መናገር ሲጀምር መዶሻ ከመሃል ብድግ አለ።

«ታሪኩ እንደዚያ አይደለም። እውነቱን ሚስቴ ታነበዋለች።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ሸሪኩ ሴትዮዋን ስትነሣ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«እባክሽ እህቴ» አለ። «ይቅርብሽ።»

መዶሻ ልቡ ቅቤ ጠጣ። አርባ ዓመት የጠበቀው ይህን ልመና ነበር።

«አንብቢ እንጂ» አላት። «ምንም አታስቀሪ።»

እሷ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቀና አለች።

«ሥዕሉን የሳልኩት እኔ ነኝ፤ የሰጠሁትም እኔ ነኝ፤ አምስት ሳንቲም አልተቀበልኩም።»