ነጥብ አሥራ ሰባት

ከአምስቱ ፈታኞች አራቱ የውብአንቺ ጥናት ለዶክትሬት እንደሚበቃ ተስማምተዋል። ሰብሳቢው ፕሮፌሰር ይልቃል ግን ነገሩን ለድምፅ ሳያቀርቡ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሞገቷት።

ጥናቷ በተቋሙ ማን ከማን ጋር ሠርቶ እንደተሳካለት ይለካል። ተመራማሪዎቹ ግድግዳው ላይ ባለው የንክኪ ስክሪን በመስመር የተያያዙ፣ ቁጥር የተሰጣቸው ነጥቦች ሆነው ይታያሉ።

«ልጄ፣ ይሄ የሸረሪት ድር ነው ዶክተር የሚያስብልሽ?» አሉ ፕሮፌሰሩ። «እስቲ አሥራ ሰባት ቁጥር ምንድን ነው?»

«ከዚህ ነጥብ ጋር የሠሩ ሁሉ ከዚያ በኋላ ያሳተሙት ጽሑፍ በግማሽ ቀንሷል።»

«እንዲህ ያለ እርጉም ነው እዚህ ደመወዝ የሚበላው? ማነው?»

«ስም የማወጣው ባለቤቱ ከፈቀደ ብቻ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ።»

«ፈጥረሽው ነዋ! ካላወጣሽ ጥናትሽ ውሸት ነው ብዬ እጽፋለሁ።»

ከፈታኞቹ አንዷ ቀና ሳይሉ፣ «ፕሮፌሰር፣ ግድ የለም ይለፉት» አሉ።

«አላልፍም! እኔ ፈቅጃለሁ፣ አውጪው!»

«እሺ» አለችና ነጥቡን ነካችው።

ፕሮፌሰሩ የራሳቸውን ስም ሁለት ጊዜ አነበቡ፤ ኮታቸውን አንስተው ወጡ።

የቀሩት አራቱ በሙሉ ድምፅ ሲያሳልፏት ሦስት ደቂቃ ፈጀባቸው።