ከማድ ቤት እስከ አጥር በር

ምንታምር የእናቷን አሮጌ ቪትዝ ብቻዋን ፈትታ ብቻዋን ገጠመችው። መኪና ሁሉ በራሱ መሄድ ከጀመረ፣ ከአጥር ውጭ በእጅ መንዳትም ከተከለከለ ወዲህ በሰፈሩ መካኒክ የሚባል ሰው የለም። ቢኖርም አትጠይቅም። “የሰው ምክር ዝገት አያስለቅቅም” ባይ ናት።

ሞተሩ ሲነሳ ኮፈኑን ዘጋች፤ እጇን ጠራረገችና እንደ ልማዷ የኋላውን በር ከፍታ ተቀመጠች።

“ደግሞ ማን ሊነዳሽ ነው?” አለች እናቷ ከደጃፍ ሆና።

ምንታምር አፈረች። የብሎኑን ሁሉ ቦታ ታውቃለች፤ ሰው ሲነዳ ግን አይታ አታውቅም።

“አንቺ ነሻ” አለች ኮስተር ብላ። “ባለታክሲ ነበርኩ ስትይ ወሬ ነው እንዴ?”

እናቷ ታክሲዋን ካቆመች ወዲህ መሪ አልነካችም፤ ከቤትም እምብዛም አትወጣም። ምንታምር ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ላይ የተኛችው እሷን አንድ ቀን መሪው ጋ ለማየት ብላ ነበር።

“አፍሽ ከሞተሩ ይብሳል” እያለች እናቷ ገባች። ወንበሩን ሳበች፣ ስፖኪዮውን አስተካከለች፣ ማርሽ አስገባች። መኪናዋ ከማድ ቤቱ ጥግ ተነስታ ቀስ እያለች የተቆለፈው የቆርቆሮ አጥር በር ጋ ደረሰች። እዚያ እናቷ ፍሬን ያዘች፤ ፍሬቻ አበራች፤ አንገቷን አስግጋ ግራ ቀኙን እያየች ጠበቀች።

“ቆርቆሮ ነው እኮ የምታዪው” ልትል ምንታምር አፏን ከፈተች። የእናቷን ፊት በስፖኪዮው አየችና ተወችው። ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች።

“በእኔ በኩል አውቶቡስ እየመጣ ነው” አለች። “እሱ ይለፍና እንወጣለን።”