ለተዘጋ ሱቅ መብራት

«ው» እንደገና ተፈንቅላ ተነሣች።

ልጅቷ በጥርሷ የያዘችውን ሽቦ ትተፋና ገመዱን በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች። ሌሎቹ ፊደላት እንደ መስታወት በሚያሳየው የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ጸጥ ብለው ተኝተዋል፤ «ክ»፣ «ፍ»፣ «ት»፣ «ነ»። ይህቺ የመጨረሻዋ ብቻ፣ ክብ መሆን ያንገሸገሻት ይመስል፣ ማጣበቂያው ያዛት ሲባል ቀጥ ትላለች። ፊደሎቹን የሠራችው በሆዱ ትንንሽ አምፖሎች በተደረደሩበት የላስቲክ ገመድ ነው፤ ሲጠመዝዙት እሺ ይላል፣ ሲለቁት ያኮርፋል።

«ማጣበቂያውን ጨረስሽው?» ትላለች እናቷ፣ ከጥጉ ወንበር ሳትነሣ።

«ጣቴ ላይ አለ። ጣቴን ልለጥፈው?»

«ምላስሽን ለጥፊው። ቤቱ ያርፍ ነበር።»

የመንገድ ዳሩ ክፍል የእናቲቱ ልብስ ስፌት ሱቅ ነው፤ ወይም ነበር። ክንዷ ተሰብሮ ጀሶው ከወጣ በኋላ ሐኪሙ «ድነዋል፣ ይሥሩበት» ብሏት ነበር። የመጀመሪያውን ሱሪ ስትሰፋ ግን እጇ ተንቀጠቀጠ፤ መስመሩ እባብ የሄደበት መስሎ ወጣ። ሱሪውን ተርትራ ለባለቤቱ መለሰችና የስፌት መኪናዋን በአንሶላ ገነዘቻት። ደንበኞችም በሩን በጎን እያዩ ማለፍ ለመዱ።

ልጅቷ ለምናለች፤ ተቆጥታለች፤ አኩርፋም አይታለች። እናትየው ንቅንቅ አላለችም። ስለዚህ ልጅቷ የመብራት ጽሑፍ ልትሠራ ከስልኳ ላይ እያየች የሽቦ ብየዳ ተማረች፤ ጣቶቿን ጠበሰች፤ ገመዱ ላይ የተሠመረውን የመቁረጫ ምልክት ስታ ክንድ የሚያህል ገመድ አበላሸች። ዕቃውን የሸጠላት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ «እህቴ፣ ይሄ ለሴት ከባድ ነው» ቢላት፣ «ላንተም ሳይከብድህ አልቀረም፤ ሱቅህ ጨለማ ነው» ብላው ወጣች።

እናትየው የፊደሎቹን ንድፍ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ያየች ዕለት አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦ «ለተዘጋ ሱቅ ‹ክፍት ነው› ብለሽ ልትጽፊ? በሐሰት መመስከር ነው።»

አሁን «ው» ዳግም ትነሣለች። ልጅቷ ሰሌዳውን ገፋ ታደርገዋለች። ይህም ካልሆነላት እናቷን ወደ ሥራዋ የምትመልስበት ሌላ ዘዴ የለም።

«በቃ! ሲፈልግ ይገንጠል!»

ወንበሩ ሲጥ ይላል። እናትየው መጥታ አጠገቧ ትቆማለች፤ ከንፈሯን ጥላ፣ ልብስ ሰፊ የሌላ ሰፊ ሥራ እንደሚያይ ታያለች።

«ከአንድ ጫፍ ጀምረሽ ወደ ሌላው ትነጂዋለሽ። ይሸሽሻላ! ክብ ነገር፣ አንገትጌም ቢሆን፣ መጀመሪያ እዚህ እዚህ ጋ ትይዢዋለሽ። ደግሞ ይሄ የሚለጠፍ አይደለም። የሚሰፋ ነው።»

«ፕላስቲክ ይሰፋል?»

«ያ የምታቃጥዪበት ብረት ቀዳዳ አይበሳም?»

ልጅቷ መበየጃ ብረቱን እንዲግል ትሰካዋለች።

እናትየው ከመሳቢያው ጠመኔ አውጥታ በ«ው» ዙሪያ ነጥብ ነጥብ ታደርጋለች። ልጅቷ በጋለው መበየጃ ትከተላታለች፤ ፕላስቲኩ ይጨሳል፣ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ከዚያ ሰሌዳው መቆም አለበት፤ አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ ሆነው ክሩን እንዲቀባበሉ። እናትየው ዙሪያዋን ትቃኛለች። መስኮቱ አጠገብ ከተገነዘችው የስፌት መኪና በቀር የሚደገፍበት የለም።

«ግፈፊው» ትላለች፣ አንሶላውን በአገጯ እያመለከተች።

ልጅቷ ትገፍፈዋለች።

እናትየው ሰሌዳውን በመኪናዋ ላይ አስደግፋ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ብርሃን ባለበት፣ የድሮ በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች። መርፌው ውስጥ የማይታይ ናይለን ክር ገብቷል። እጇ ወደ ቀዳዳው ይሄዳል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ስቶ ፕላስቲኩን ይወጋል።

«አየሽ?» እጇን ወደ ደረቷ ትሰበስባለች። «አየሽ አይደል?»

«የማየው መርፌ ነው። ቶሎ በይ፣ ሰሌዳውን ስይዝ እጄ ዛለ።»

መርፌው ተመልሶ ይመጣል። እንደ ዝንብ ቀዳዳውን ይዞረዋል፣ ይዞረዋል፣ ይገባል። ልጅቷ ከኋላ ተቀብላ ትስባለች።

«ቀስ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉማ ሄዶ ደረሰ፣ እማዬ። አንቺን ነው የምንጠብቀው።»

እናትየው ትስቃለች፤ ሳቋ እጇን ይብስ ያንቀጠቅጠዋል፤ መርፌው ግን ይገባል። ሌላኛው ቀዳዳ። ሌላኛው። «ው» ክብ ሆና ትቀመጣለች፤ አታኮርፍም።

ልጅቷ የመብራቱን ሶኬት ታነሣለች። «ካልበራ እንዳትስቂ።»

«ካልበራማ እስቃለሁ።»

በራ። ከኋላ በኩል ላለችው ለልጅቷ ፊደሎቹ ግልብጥ ናቸው፤ አታነባቸውም። በመካከላቸው ግን የእናቷ ፊት፣ ግንባሯም ጉንጯም፣ ሮዝ ሆኖ ይታያታል።

የመንገዱ በር ተንኳኳ። ከመስኮቱ ውጭ ካፖርት ያቀፈች ሴት አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ ታያለች።

«ተከፈተ እንዴ? መብራቱን አይቼ ነው!»

ልጅቷ «ሙከራ ነው» ልትል አፏን ትከፍታለች። ከዚያ ያንን ከመቀስ የሚስል ምላሷን ትነክስና እናቷን ታያለች።

እናትየው ካፖርቱን እያየች ነው። እጅጌውን፣ የተተረተረ ገበሩን፣ የወለቀ ቁልፉን።

«በሩን አትከፍቺላትም? ምን ይገትርሻል?» ትላለች። ጎንበስ ብላ ከ«ው» የተንጠለጠለውን ክር በጥርሷ ትበጥስና መርፌዋን ቀሚሷ ላይ፣ ደረቷ ጋ፣ የድሮ ቦታው ትሰካዋለች።