ስሟን የማትናገር ጓደኛ

የዓለምሸት ሳቅ ከአሰበ ተፈሪ ተነሥቶ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ይደርሳል ይባል ነበር። ጨው ነጋዴ ናት። ሠርግ ቤት ዘፈን አውጪ፣ ለቅሶ ቤት ሙሾ አውራጅ እሷው ናት። ትንሿን ልጇን ሚኤሶ ዘመዶቿ ዘንድ ወስዳ፣ «ንዳድ ነጠቀኝ፣ እዚያው ቀበርኳት» ብላ ከጨው ጭነት ጋር በምሽት የተመለሰች ጊዜ፣ ሰፈሩ ሁሉ ደረቱን መቶላታል። ዓመት ሳይሞላ ሳቋ ተመለሰ። ሰውም ጥንካሬዋን አደነቀ።

አሁን የቀረቻት ትልቋ ልጇ ሙሉዓለም ናት። እሷንም የገለምሶ ቡና ነጋዴ ለልጁ ጠይቋታል። ሽማግሎቹ ዘር ማንዘሯን አጥንተው፣ ቁምጥናም ሌላ እንከንም አጥተው፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል።

ታዲያ በዚያው መስከረም ጎረቤቷ አይናዲስ ዐይኗ ደም መስሎ መጣች።

«እትዬ ዓለምሸት፣ ልጄ ሳህሊቱ ልታብድብኝ ነው።»

«ማ? ያቺ ጥርሰ ወላቃ? ምን ሆንኩ አለች?»

«ከግድግዳ ጋር ታወራለች።»

የሁለቱ ቤት ግድግዳ አንድ ነው። ወዲህ የአይናዲስ ጓዳ፣ ወዲያ የዓለምሸት ጨው ማስቀመጫ። የጨው ጓዳዋን ለማንም አትከፍትም፤ «ጨው የሰው ትንፋሽ ሲበዛበት ያለቅሳል» ትላለች። ከግድግዳው እንጨት መካከል ታች ጭቃው ረግፎ፣ የልጅ ጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ሳህሊቱ እዚያ ሥር ቁጢጥ ብላ ታንሾካሹካለች፣ ትስቃለች፣ የበቆሎዋን ግማሽ በቀዳዳው ታሾልካለች።

ዓለምሸት ሳቀች። ከወትሮው ትንሽ ዘግይታ ሳቀች።

«ለካ አይጦቼን የምታወፍርብኝ እሷ ናት!»

ጨው ልትገዛ የመጣችው ኩብራ ከበር ሆና፣ «ያ ሁሉ ወተት የምትጠጣ ድመትሽስ ምን ትሠራለች?» አለቻት።

«ድመቴ ወይዘሮ ናት፤ አይጥ አትይዝም!»

ሳህሊቱን ጠርተው አመጧት። ዓለምሸት ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ፀጉሯን እየዳበሰች ጠየቀቻት።

«ጓደኛሽ ማን ትባላለች፣ እናቴ?»

«ስሟን አትናገርም። ተከልክላለች።»

«አይተሻታል?»

«እጇን ብቻ። እንደ ድመት እጅ ድቡልቡል ነው። ከእሳት የወጣ በቆሎ ስሰጣት አያቃጥላትም። እኔ እፍ እፍ እላለሁ፣ እሷ ጭብጥ አድርጋ ትይዘዋለች።»

ኩብራ የጨው ቁናዋን ጣለችው። «ያ ረቢ! ጅን ናት! እሳት እሳትን ያቃጥላል እንዴ? አቦ፣ ሼኩ ጋ ውሰጃት፣ ያሲን ይቅሩባት!»

«ስሙን የሚደብቅ ጋኔን ነው፤ ካህን ፊት እስኪለፈልፍ ድረስ አይለቅም» አለች አይናዲስ እያለቀሰች። «ጠበል ነው መድኃኒቱ።»

«አሰቦት ገዳም!» አለች ዓለምሸት ብድግ ብላ። «ነገ ሂጂ። የገለምሶ ሽማግሎች በዓለምሸት ቤት ጋኔን ያወራል ሲባል ቢሰሙ፣ ሙሉዓለም ቆማ ቀረች ማለት ነው። ለልጅሽም ለልጄም ስትይ ሂጂ።»

በሶውን በእጇ በጠበጠች፣ ዳቦ ቆሎ ቋጠረች፣ የራሷን ጋቢ ለልጅቱ አለበሰች። ስትወዳት እኮ የምር ነው። ጠዋት የጭነት መኪናው ሲነሣ ሳህሊቱ ከላይ ሆና መነፋረቅ ጀመረች።

«ማን ያበላታል?»

«እኔ አበላታለሁ፣ አታልቅሺ» አለች ዓለምሸት።

መኪናው ላይ ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ አውካካ።

ዓለምሸት የዚያኑ ዕለት ጭድና ጭቃ አቡክታ፣ ክንዷ ድረስ ተለቅልቃ፣ ቀዳዳውን በአይናዲስ በኩል ደፈነችው። ኩብራ አይታ፣ «ምነው ሠራተኛ ብትጠሪ?» አለቻት። «የጎረቤት ልጅ ልጄ አይደለችም?» ብላ መለሰችላት። ኩብራ ይህን ለሰው ሁሉ አወራችላት። እንዲህ ያለ ጎረቤት ይስጣችሁ፣ ተባለ።

ሱባኤው አልቆ ተመለሱ። ሳህሊቱ ፀጉሯ ተላጭቶ፣ ጉንጯ ጎድጉዶ፣ ዐይኗ ብቻ ቀርቷል። ጎረቤት ተሰበሰበ። አይናዲስ ደስታዋን አልቻለችውም።

«ካህኑ በየማለዳው መስቀሉን ግንባሯ ላይ አድርገው፣ ‹ስምህን ተናገር!› ይሉታል።»

የዓለምሸት እጅ ወደ አፏ እየሄደ መንገድ ላይ ቀረ። «ተናገረች?»

«መች! ‹ተከልክላለች› ብላ ድርቅ። ኋላ የንጋቱ ውሃ ሲያንቀጠቅጣት ለፈለፈች።»

«ምን ብላ?»

«‹ማንም የለችም፤ ከራሴ ፈጥሬ ነው› ብላ! ይኸው ለቀቃት!»

መጀመሪያ እልል ያለችው ዓለምሸት ናት። ከዚያ ሁሉም ተቀበላት። ልጅቱን እጇን ይዘው ከአዲሱ ምርግ ፊት አቆሟት።

«እስቲ ንገሪን፣ እዚህ ማን አለ?»

«ማንም» አለች ሳህሊቱ፣ መሬት መሬት እያየች።

ትኩስ በቆሎ ሰጧት። ግማሹን በላች። ግማሹን ምን እንደምታደርገው ስላላወቀች፣ እጇ ላይ እስኪቀዘቅዝ ይዛው ቆመች።

ሰው ሲበተን ዓለምሸት ሙሉዓለምን ውሃ ልካ፣ ወተቱን ቀድታ፣ የጨው ጓዳውን ቁልፍ ከአንገቷ አወጣች። ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። ከጆንያዎቹ ጀርባ ጣታቸው የተኮማተረ ሁለት ድቡልቡል እጆች ግድግዳውን ይዳብሳሉ።

«እማዬ፣ ሳህሊቱ የት ሄደች?»

«ሳህሊቱ የምትባል ልጅ የለችም» አለች ዓለምሸት፣ ወተቱን ወደ አፏ እያስጠጋችላት። «ከራስሽ ፈጥረሻት ነው፣ ልጄ።»