የስንቅነሽ ጽጌረዳ

የዘመኑ ጽጌረዳ እንደ ድሮው አይደለም፤ ቆርጠው ሌላ ቤት ከተከሉት ቁራጩ ሲጸድቅ እናቲቱ ትደርቃለች። ችግኝ ነጋዴዎቹ ሰው ሁሉ ከእነሱ እንዲገዛ ብለው እንዲያ አድርገው ነው የሠሩት።

ስንቅነሽ ግን ጽጌረዳዋ ሲጠወልግ ይህ አልመጣላትም። ጎረቤቷ ጥሩወርቅ፣ «ተባይ ነው፤ በሳሙና ውኃ እጠቢው» ስላለቻት ቅጠል በቅጠል ስታጥብ ሰነበተች። ለቅሶ የሄደች ጊዜ እንኳ ውኃ እንድታጠጣላት ቁልፏን የተወችው ለጥሩወርቅ ነበር።

ዛሬ ስንቅነሽ ወንፊት ልትዋስ ጥሩወርቅ ቤት ብትገባ፣ በሰፈሩ ከእሷ በቀር ማንም ያልነበረው ዳሩ ቀይ፣ መሐሉ ቢጫ ጽጌረዳ ከጥሩወርቅ መጋረጃ ኋላ ፈክቷል።

መጋረጃውን ገለጥ አደረገችና፣ «ያምራል። እስቲ ለእኔም አንድ ቅርንጫፍ ቁረጪልኝ» አለቻት።

«ውይ፣ ይደርቅብኛል እኮ» አለች ጥሩወርቅ ሳታስበው።