ግራ ጥግ ላይ ያለው መቀስ

«ይሄ መደበቅ አይደለም፤ ሌብነት ነው!» ይላል ባሌ፣ ታብሌቱን በጣቱ እየጠቀጠቀ። «መቀሱን የት አባታቸው ነው የከተቱት?»

በግራው በኩል ተቀምጬ አተር እየፈለፈልኩ ነው። እሱ ወደኔ ዞሮ አይደለም የሚናገረው። ከተጋባን ሠላሳ ዓመት ስላለፈን፣ ሲያወራኝ ፊቴን ማየት የተወው ስለተሰላቸ ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

ጨዋታው ቀላል ነው። ዕቃ የታጨቀበት የአንድ አሮጌ ቤት ክፍል ይታያል፤ ከስር የስም ዝርዝር አለ፤ የተባለውን ዕቃ ከዝርክርኩ መሃል ፈልጎ መንካት ነው። ክፍሉን በጨረሱ ቁጥር ስለጠፋችው ሙሽራ ትንሽ ትንሽ ይተረካል። ለሙሽራዋ ግን ደንታም የለው። «አጎቷ ነው የደበቃት፤ ፊቱ ገና ከመጀመሪያው አላማረኝም» ብሎ ሁለተኛው ክፍል ላይ ፈርዶ ጨርሷል።

እሱን የሚያንገበግበው አደባበቁ ነው። ጨዋ ጨዋታ ዕቃውን ፊትህ ያስቀምጥልሃል፤ ካላየኸው ጥፋቱ ያንተ ነው። ባለጌ ጨዋታ ቡናማ ማንኪያ ቡናማ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ይስቅብሃል። ዕቃው ያለበትን የምትጠቁመውን፣ ጥጉ ላይ ያለችውን የፍንጭ አምፖል መንካት ደግሞ ለሱ ከልመና አይለይም። «ሃያ ስምንት ዓመት ስነዳ መንገድ ጠይቄ አላውቅም» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ስንት ሰርግ ላይ ምግቡ ካለቀ በኋላ የደረስነው በዚሁ ምክንያት ነው።

በቅርቡ ግን አዲስ አስተያየት አምጥቷል። «የዘንድሮ ሠሪዎች ሰነፎች ናቸው፤ ከባድ ከባዱን ሁሉ ግራ ጥግ ነው የሚያጭቁት።» መጀመሪያ ስቄ አለፍኩት። ሲደጋግመው ጆሮዬ ቆመ። አራት ዓይነት ጨዋታ፣ አራት ዓይነት ሠሪ፤ ሁሉም ተማክረው ነው ግራ ጥግ ላይ የሚያደቡት? ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር።

ባለፈው ሳምንት የመኪናው የግራ መስታወት ተሰብሮ መጣ። «ቆሜ ሳለሁ አንዱ ደንቆሮ ገጭቶኝ ሄደ» አለ። ከዚያ በፊት ሻዩን ደፋው፤ ብርጭቆው በግራው ነበር። «እዚህ ማን አስቀምጪ አለሽ?» ብሎ እኔኑ ተቆጣኝ። መቼም ሰበብ አያጣም።

ሰዓቱን አያለሁ፤ ስምንት ተኩል ሆኗል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሥራ አራት ሕፃናት ከትምህርት ቤት አውጥቶ በየቤታቸው ያደርሳል። የጠፋ እርሳስና ኮፍያ ከየወንበሩ ስር ስለሚያወጣላቸው «ጋሼ አራት ዓይኑ» ይሉታል።

አንገቴን አስግጌ ታብሌቱን አያለሁ። ሦስት ዕቃ ቀርቶታል፦ መቀስ፣ ወፍ፣ ማበጠሪያ። መቀሱ ግድግዳው ላይ አፉን ከፍቶ ተንጠልጥሏል። ወፏ መስኮቱ ላይ ናት። ማበጠሪያው አልጋው ላይ ተጋድሟል። ሦስቱም በግራ ናቸው፤ አንዳቸውም አልተደበቁም።

«እስቲ ጠረጴዛውን ልጥረግ» እላለሁና በክርኔ ታብሌቱን ወደ ቀኝ አንድ ስንዝር እገፋዋለሁ።

«ይኸውልሽ!» ይላል ወዲያው። መቀሱን ይነካል። ወፏን ይነካል። ማበጠሪያውን ይነካል። «አየሽ? መሰልቸቴን ሲያውቁ አወጡት።»

አተሩ ከእጄ ይበተናል። እሱ እየሳቀ ነው። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም በዚህ ዓይኑ ነው እነዚያን ልጆች የጫነው።

«የኔ ጌታ፣ ዓይንህን ለምን አትታይም?»

«ዓይኔ ምን ሆነ? አሁን ሦስቱን ያገኘልሽ ማነው?»

ፊቱን ሊታጠብ ይሄዳል። የመኪናው ቁልፍ ከታብሌቱ በስተቀኝ ተቀምጧል፤ ልጆቹ የሰጡት ቢጫ ቀለበት አለው። አነሳዋለሁ። እንደ ሌባ በሩን አያለሁ። ጠረጴዛውን ባዶ እስኪቀር ጠርጌ፣ ቁልፉን ብቻውን ከሱ ወንበር በግራ በኩል አስቀምጬ እመለስና እቀመጣለሁ።

ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ጫማውን ያስራል፣ ቀኝ እጁን ይዘረጋል።

«ቁልፌስ?»

«ፈልገው።»

ኪሱን ይዳብሳል። ጠረጴዛውን ያያል። «ደብቀሽው ነው።»

«አልደበቅኩትም። ፊትህ ነው ያለው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጆቹ ይጠብቁኛል! ቀልዱን ተዪና ስጪኝ።»

«አልቀልድም። ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም።»

እንደገና ያያል። ፈገግታው ቀስ በቀስ ከፊቱ ይጠፋል። ባዶውን ጠረጴዛ ያን የሙሽራዋን ክፍል በሚያይበት ትጋት፣ ስንጥቁ ሁሉ ሳይቀር ይመረምረዋል። መርማሪ ዓይኑ የሆነ ቦታ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን እንደሌለ ይቆጥረዋል። ግራ እጁ ከቁልፉ አንድ ጋት ብቻ ይርቃል። ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

«እስቲ» ይላል ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ፍንጭ ስጪኝ።» ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም።

ግራ እጁን ይዤ ቁልፉ ላይ አሳርፈዋለሁ። ጣቶቹ ቀለበቷን ያውቋታል። ቁልፉን ግን አያነሳውም።

«ለትምህርት ቤቱ ደውዪላቸው» ይላል። «ሌላ ሾፌር ይላኩ።»

ስልኬን ይዤ እነሳለሁ። ወንበሬን እየጎተትኩ ጠረጴዛውን ዞሬ በቀኙ እቀመጣለሁ። ያኔ ቀና ብሎ ፊቴን ያያል።